ሦስት እግሮችና አንድ አስፋልት፦ የባጃጅ ቁጥጥር በቆቦና በራያ ቆላ

ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት በኩል ቆቦ የሚገባው፣ ከዚያም ወደ ዋጃ፣ ጥሙጋና አላማጣ የሚዘልቀው አስፋልት ለራያ ሜዳ አንድም አገር አቋራጭ፣ አንድም የሰፈር መንገድ ነው። ወደ መቀሌ የሚወጣው ተሳቢ፣ ገበያተኛ ያሳፈረው ሚኒባስና ከቀበሌ ቀበሌ የሚመላለሰው ባጃጅ በዚሁ አንድ መስመር ይጋፋሉ። በአውሮፓ ከተሞች ምክር ቤቶችን ያጨቃጨቀው በኪራይ የሚነዳው ኤሌክትሪክ ስኩተር ነበር። በእኛ ከተሞች የዚያን ቦታ የያዘው ባጃጅ ነው። ማን ይነዳዋል? የት ይቆማል? ስንት ሰው ይጭናል? እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ስንት ያስከፍላል? ይህ ዳሰሳ እነዚህ ጥያቄዎች እስካሁን እንዴት እንደተመለሱ ይቃኛል።

ከጋሪ ወደ ባጃጅ

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዞብል ተራሮችና በምዕራቡ ደጋ መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ወደ 25 ሺህ ይጠጋ ነበር። በዙሪያዋ ያለው የራያ ቆቦ ወረዳ ሕዝብ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ነው፤ ይህ ሁሉ ሰው ለገበያ፣ ለሕክምናና ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ ከተማዋ ይመጣል። በቀትር ፀሐይ ሸክም ይዞ መሄድ አይሞከርም። ሜዳማነቱ ለጋሪ የተመቸ በመሆኑ የቆላው ከተሞች ለረጅም ጊዜ ሰውንም ዕቃንም በፈረስ ጋሪ ሲያጓጉዙ ኖረዋል።

የሕንዱ ባጃጅ አውቶ ምርት የሆነው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እንደ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉት ከተሞች ከተስፋፋ በኋላ ትንንሾቹንም ከተሞች አዳረሰ። የተቀበሉት በምክንያት ነው። ዋጋው ከሚኒባስ በብዙ ይቀንሳል፤ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ወጣት ቤተሰቡ ባጠራቀመው ወይም በብድር ባገኘው ገንዘብ ሊገዛው ይችላል፤ መግዛት ያልቻለውም የሰው ባጃጅ እየነዳ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ መስኖ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሳ ወደ አስፋልት ማድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በሰው ማመላለሻው ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት ተጭኖ፣ ባለሽንኩርቷ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ማየት የተለመደ ነው። ባጃጁ ታክሲ ነው ወይስ የጭነት መኪና? የቁጥጥሩ ችግር እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሥልጣኑ የማን ነው?

የባጃጅ ሕግ በሦስት እርከን የተከፋፈለ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 681/2002፣ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005፣ መንጃ ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ይገዛሉ። የትራፊክ ጥፋትና ቅጣት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ተዘርዝሮ ነበር፤ ደንቡ በ2009 ዓ.ም. ተሻሽሎ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ደንብ ተተክቷል። በሁለተኛው እርከን የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮና በሥሩ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች ሰሌዳ ይሰጣሉ፣ ታሪፍ ያወጣሉ፣ ማኅበራትን ያደራጃሉ። ለከተማ አስተዳደሩ የሚቀረው ለነዋሪው ዕለታዊ ኑሮ የቀረበው ክፍል ነው፦ የመጫኛና ማውረጃ ቦታ፣ የመስመር ድልድል፣ የጎን ቁጥር፣ ተራ ማስከበርና የሥራ ሰዓት።

ይህ ክፍፍል ቆቦን በመሰለ ከተማ ላይ ይከብዳል። የከተማዋ ዋና ጎዳና ራሱ አገር አቋራጩ መንገድ በመሆኑ፣ ባጃጅን ከዋና መንገድ ማስወጣት ማለት ከመናኸሪያና ከሱቅ ደጃፍ ማስወጣት ማለት ነው። ትላልቅ ከተሞች ባጃጅን ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲመልሱ ተለዋጭ መንገድ አላቸው። በአንድ አስፋልት ዙሪያ ላደገ ከተማ መፍትሔው ለባጃጅ የተለየ ዳርቻና መቆሚያ መሥራት እንጂ ማባረር አይደለም።

ቁጥጥሩ የሚነካቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ትርፍ ሰው መጫን ነው። ባጃጅ የተሠራው ለአንድ ሹፌርና ከኋላ ለሦስት ተሳፋሪ ነው። በሥራ ላይ ግን ከሹፌሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሰው ይለጠፋል፤ ሹፌሩ መሪውን የሚያዞረው ክርኑን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ነው። ፊት ለፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ተሽከርካሪ በፍጥነት ሲታጠፍ ሚዛኑን በቀላሉ ይስታል። ከተሳቢ ጋር በሚጋሩት አስፋልት ላይ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ታሪፍ ነው። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ፣ ማለትም በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እየተቀዳ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጣል። ታሪፉ የሚሰላው ግን በማደያው ዋጋ ነው። ሹፌሩ በሃይላንድ ዋጋ ቀድቶ በማደያ ዋጋ እንዲጭን ሲጠየቅ በኮንትራት ካልሆነ አልሄድም ይላል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ኮንትራት የመክፈል አቅም በሌላቸው ላይ ነው።

ሦስተኛው የባጃጆቹ ብዛት ነው። ብዙ ከተሞች ባጃጅ ሲበዛባቸው አዲስ ሰሌዳ ወደ መከልከል ይሄዳሉ። የዴልሂ ታሪክ እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የባለ ሦስት እግሮች ቁጥር ሲታገድ ፈቃዱ ራሱ ሸቀጥ ሆነ፤ ከተሽከርካሪው በላይ የሚያወጣው ወረቀቱ ሆነና ትርፉን አበዳሪዎችና ደላሎች ወሰዱት።

ክልከላና ደንብ

አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ የክልከላን መንገድ ሞክራለች። በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ወንጀል በዝቷል በሚል ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ታገደ፤ ኋላ ላይ የተመዘገቡት በቅድመ ሁኔታ ተመለሱ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ማለቂያ አካባቢ ደግሞ ባጃጆች ሥራ እንዲያቆሙ ተነገረ። በሁለቱም ጊዜ ክልከላው ቀደመ፣ ሥርዓቱ ተከተለ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ፓሪስ የኪራይ ስኩተሮችን ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበች። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከመራጩ አሥር ከመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከወጡት ግን 89 ከመቶ ያህሉ ይቅሩ አሉ። ከተማዋ ከዚያ በፊት ለሦስት ኩባንያዎች ብቻ ፈቃድ ሰጥታ 15 ሺህ ስኩተር ፈቅዳ፣ የፍጥነት ጣሪያ አስቀምጣ፣ መቆሚያ ከልላ ሞክራለች። ይቅር ሲባልም ኩባንያዎቹ ውላቸው እስኪያልቅ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ጊዜ አግኝተዋል። ውሳኔውን የሚደግፍም የሚቃወምም ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር አለ፤ መጀመሪያ የተጻፈ ደንብ፣ ቀጥሎ ሙከራ፣ ከዚያ በቂ ማስጠንቀቂያ።

ጦርነቱ የተወው

ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ከርማለች፤ በነሐሴ 2014 ውጊያው ያገረሸው በዚሁ አካባቢ ነበር። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላ እፎይታው አልቆየም፤ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ቆቦ በምትገኝበት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የባጃጅ የሥራ ሰዓት የሚወሰነው በጸጥታ ትእዛዝ እንጂ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አይደለም። የጸጥታ ስጋት እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ከቀበሌዋ ወደ ጤና ተቋም የምትደርስበት መጓጓዣም ይኸው ባጃጅ ነው። የሰዓት ገደብ ሲወጣ ለሕመምተኛና ለወላድ የሚሠሩ ተረኛ ባጃጆች ስም ዝርዝርና ይለፍ አብሮ መውጣት አለበት።

የሚመጣው ኤሌክትሪክ

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የቀረጥና የታክስ ማበረታቻ ሰጠ፤ በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎችና ባለ ሦስት እግሮች ገበያ እየገቡ ነው። ለቆላው ሜዳ ይህ መልካም ዕድል ነው፤ ዳገት የለም፣ ርቀቱ አጭር ነው፣ የሃይላንድ ቤንዚን ጣጣም ይቀራል። ሆኖም መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባትሪ የት ይሞላል? ሙቀቱስ ባትሪውን ምን ያደርገዋል? ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መሙያ ቦታና የባትሪ አወጋገድ ተሽከርካሪው ከመብዛቱ በፊት በደንቡ ውስጥ መካተት አለባቸው።

የራያ ቆላ ከተሞች ምክር ቤቶች ሊያደርጉት የሚገባው ግልጽ ነው። ሹፌሮችን፣ ባለንብረቶችን፣ ገበያተኞችንና የጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ጠርተው አጭር ደንብ ይጻፉ። መቆሚያውን፣ መስመሩን፣ ታሪፉንና የትርፍ ቅጣቱን በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ ሁሉም በሚያነበው ፊደል ይለጥፉት። ታሪፉን ከነዳጁ እውነተኛ አቅርቦት ጋር በየጊዜው ይከልሱት። ተሳፋሪውም ከሹፌሩ ጎን አልቀመጥም ማለት ይልመድ፤ ያለ እሱ እምቢታ የትኛውም ደንብ ከወረቀት አይወርድም።