ወላጅን በማሠልጠን የሚሰጥ የቋንቋ ድጋፍ፦ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ምን ሲሟላ ይሠራል?

አንድ ሕፃን ሁለት ዓመት ሞልቶት 50 ያህል ቃላት የማይናገር ወይም ሁለት ቃላትን ማጣመር ያልጀመረ ከሆነ፣ የቋንቋ እድገቱ በባለሙያ ሊታይ ይገባል። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ውለው አድረው እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። የተቀሩትን ግን፣ በተለይም የሚነገራቸውን ለመረዳት ጭምር የሚቸገሩትን፣ ችግሩ እስከ ትምህርት ቤት ሊከተላቸው ይችላል። የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ከሕፃኑ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ የቀረውን ጊዜ ልጁ የሚውለው ከአሳዳጊዎቹ ጋር ነው። ወላጅን የሕክምናው ዋና ተዋናይ የማድረግ ሐሳብ የሚመነጨው ከዚህ ቀላል ስሌት ነው። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶችን መሠረት በማድረግ፣ ዘዴው እንዴት እንደሚሠራና ድሀ ቤተሰቦችን እንዲጠቅም ምን መሟላት እንዳለበት ያብራራል።

ዘዴው እንዴት ይሠራል?

በስፋት ከተጠኑት ዘዴዎች አንዱ በቴነሲ ግዛት በሚገኘው የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በአን ካይዘርና በባልደረቦቻቸው የዳበረው «ኢንሃንስድ ሚሊዩ ቲቺንግ» ነው። መሠረተ ሐሳቡ ቋንቋን በጨዋታ፣ በምግብና በገላ መታጠቢያ ሰዓት ውስጥ ማስተማር ነው። ወላጁ ልጁ የሚያተኩርበትን ነገር ይከተላል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅና ምልክት ምላሽ ይሰጣል፤ ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ ልጁ ያለውንም ጥቂት አስፍቶ ይመልስለታል።

ለምሳሌ ልጁ ኳሱን እያሳየ «ኳስ» ቢል፣ እናቱ «ኳሱ ተንከባለለ» ትላለች። በአማርኛ ይህ የማስፋት ስልት የራሱ ጥቅም አለው፤ «ሰጠሁህ» የሚለው አንድ ቃል ሰጪውንም፣ ተቀባዩንም፣ ድርጊቱ መፈጸሙንም ይዟልና። ስለዚህ በልጁ ስም ላይ አንድ ግሥ መጨመር ብዙ ሰዋስው ማስተማር ነው።

የወላጅ ሥልጠናው አራት ደረጃዎች አሉት። ባለሙያዋ ስልቱን ታስረዳለች፤ ቀጥላ ከልጁ ጋር ሠርታ ታሳያለች፤ ከዚያ ወላጁ ሲሠራ ከጎኑ ሆና ታበረታታለች፣ ታርማለች፤ በመጨረሻም የተደረገውን አብረው ይገመግማሉ። በወረቀት ከሚሰጥ ምክር የሚለየው ሦስተኛው ደረጃ ነው። «ልጅህን አብዝተህ አነጋግረው» የሚለው ምክር መቼ ዝም ማለት፣ መቼ መጠበቅ እንደሚገባ አያሳይም።

ጥናቶቹ ምን ያሳያሉ?

ሜጋን ሮበርትስና አን ካይዘር እ.ኤ.አ. በ2011 የ18 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲተነትኑ፣ በወላጆች የሚካሄድ ድጋፍ የሕፃናትን የመረዳትም የመግለጽም ችሎታ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ24 እስከ 42 ወር የሆኑ 97 ሕፃናትን በዕጣ በሁለት ቡድን ከፍሎ አነጻጽሯል። ከሦስት ወር በኋላ ድጋፉን ያገኙት ሕፃናት የመረዳት ችሎታ ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ወላጆቻቸውም ስልቶቹን በብዛት ተጠቅመዋል። በአጠቃላይ የመግለጽ ችሎታ ረገድ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ዘዴው ይሠራል፤ ነገር ግን አጭር ሥልጠና ሁሉንም ይፈታል ብሎ ለወላጅ ተስፋ መስጠት አግባብ አይደለም።

ድህነትና ወቀሳ

ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ በካንሳስ 42 ቤተሰቦችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ሥራ፣ የድሀ ልጆች እስከ አራት ዓመታቸው የሚሰሙት ቃል ከባለሙያ ልጆች በ30 ሚሊዮን እንደሚያንስ ገምተዋል። ግምቱ እጅግ ተሠራጭቷል፤ ሆኖም በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩት ተጠኚ ቤተሰቦች ስድስት ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዳግላስ ስፔሪና ባልደረቦቹ ጥናት በአምስት ማኅበረሰቦች የተሰበሰበ መረጃ መርምሮ፣ ተመሳሳይ የኑሮ ደረጃ ባላቸው ቤተሰቦች መካከልም ሰፊ ልዩነት እንዳለ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የሬቸል ሮሜዮና ባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ ከቃላት ብዛት ይልቅ በልጅና በአዋቂ መካከል የሚደረገው ምልልስ ከልጁ የአንጎል የቋንቋ ክፍል እንቅስቃሴ ጋር እንደሚያያዝ፣ ይህም የወላጅን የኑሮ ደረጃ ከግምት ካስገቡ በኋላ ጸንቶ እንደሚታይ አመልክቷል።

ይህ ለሕክምናው ትልቅ ትርጉም አለው። ድሀ ወላጅን «ቃል አጉዳይ» አድርጎ የሚጀምር መርሐ ግብር እምነቱን ያጣል። ምልልስ ግን ገንዘብ ወይም ውድ መጫወቻ አይጠይቅም።

መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በፈረቃ የምትሠራ እናት ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት መመደብ ይከብዳታል፤ ስለዚህ ስልቱ ልጁን ስታለብስና ስታበላ ከምታደርገው ጋር መዋሐድ አለበት። ሁለተኛው ተንከባካቢውን በትክክል መለየት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው አያቱ ከሆነች፣ መሠልጠን ያለባት እርሷ ናት። ሦስተኛው የባለሙያው ወደ ቤት መምጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የመሠረተው መርሐ ግብር ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት የሚሆን ሲሆን፣ አገልግሎቱም በተቻለ መጠን በቤትና ልጁ በሚውልበት ስፍራ እንዲሰጥ ይጠበቃል።

አራተኛው ቋንቋ ነው። በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች፣ ልጃቸው መናገር ሲዘገይ አማርኛውን ትተው በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያናግሩት ይመከሩ ይሆናል። ምክሩ ትክክል አይደለም፤ ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ መዘግየትን አያመጣም። ወላጁ ባልተካነበት ቋንቋ ሲናገር ምልልሱ ያጥራል፤ ምልልሱ ሲያጥር ደግሞ ሕክምናው ራሱ ይጎድላል። የአሜሪካው ሕግም የሕፃኑ ምዘና፣ በግልጽ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲካሄድ ያዛል።

በጥቅሉ፣ ወላጅን ማሠልጠን ባለሙያን የመተኪያ ርካሽ አማራጭ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ባለሙያው ከልጁ ጋር ይሠራ የነበረውን ሰዓት ከወላጁ ጋር እንዲሠራ የሚጠይቅ አካሄድ ነው። ይህ ሰዓት ካልተመደበ፣ የሕክምናው ሸክም አስቀድሞ በኑሮ በተጫነው ወላጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ልጁም ከሁለቱም ወገን የሚገባውን ሳያገኝ ይቀራል።