ከምልክቱ ወደ ሕዋሱ፦ ፓቶሎጂ ለፈተና ሲከለስ

የ58 ዓመት ሰው ደረቱን አጥብቆ ያመውና ሆስፒታል ይገባል፤ ልቡ ደም ተቋርጦበት ነበር። በአምስተኛው ቀን በድንገት ይሞታል። ምን ደረሰበት?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕክምና ፈተና ላይ የተለመደ ነው። የበሽታውን ስም ብቻ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ ይቸገራል። ቀን በቀን የሚሆነውን የተከተለ ግን መንገዱ ይገለጥለታል። መጀመሪያ የልብ ጡንቻ ይሞታል። ከዚያ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ፤ ማክሮፋጆች ተከትለው የሞተውን ይጠርጋሉ። ጠባሳው ገና ስላልጠና የልብ ግድግዳ በእነዚህ ቀናት ይሳሳል፤ ሊቀደድም ይችላል።

ምልክትን ከአካል ለውጥ ጋር ማያያዝ ረጅም ታሪክ አለው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ እ.ኤ.አ. በ1761 ባሳተመው ሥራ ወደ 700 የሚጠጉ የአስከሬን ምርመራዎችን ሰብስቦ የበሽታን መነሻ በአካል ክፍሎች ውስጥ ፈለገ። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኮ በ1858 ፍለጋውን ወደ ሕዋስ አወረደው።

የዛሬው ክለሳም ከሕዋስ ይጀምራል። የሕዋስ ጉዳትና ሞት፣ ብግነትና የቁስል መዳን፣ የደም ዝውውር መዛባት፣ ዕጢና ካንሰር የአጠቃላይ ፓቶሎጂ ዋና ዋና ርዕሶች ናቸው። እነዚህን በሚገባ የያዘ ተማሪ በየአካል ክፍሉ እንደ አዲስ አይጀምርም። ለምሳሌ ደም ያለቦታው የሚረጋው የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ፣ ፍሰቱ ሲዘገይ ወይም ሲታወክ፣ አለዚያም ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲያደላ ነው። ይህ ለእግርም ለልብም ይሠራል።

የሕዋስ አሟሟትም እንደየቦታው ይለያያል። ደም የተቋረጠበት የልብ ወይም የኩላሊት ሕብረ ሕዋስ ለተወሰነ ጊዜ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ አንጎል ግን ይቀልጣል። በቲቢ የተያዘ ንፍፊት መሃሉ እንደ አይብ ይፈረፈራል፣ ዙሪያውን ግራኑሎማ የተባለ የሕዋሳት ክምችት ይከብበዋል። ከሳንባ ውጭ የሚከሰት ቲቢ፣ በተለይ የንፍፊት ቲቢ፣ በኢትዮጵያ ብዙ ስለሚታይ ተማሪው ይህን ለውጥ በቀጭን መርፌ በተወሰደ ናሙና ላይ የማየት ዕድል አለው።

ወደ አካል ክፍሎች ሲገባ ማነጻጸር ይረዳል። በኩላሊት ሕመም፣ በቀን ከ3.5 ግራም በላይ ፕሮቲን በሽንት የሚያስወጣና የሚያሳብጥ በአንድ ወገን ይቀመጣል፤ ደም የቀላቀለ ሽንትና ከፍተኛ የደም ግፊት የሚያመጣው በሌላው። ደም ማነስም በቀይ የደም ሕዋስ መጠን ይከፈላል። የመንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ ብረት ሲያሳጣ ሕዋሳቱ ያንሳሉ፤ ቫይታሚን ቢ12 ሲጎድል ይተልቃሉ።

ከመጻሕፍቱ መካከል እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው የስታንሊ ሮቢንስ ሥራ ዛሬም በተከታታይ እትሞች ይነበባል። አጠር ያለ ትንታኔ የሚፈልጉ ደግሞ የቺካጎው ፓቶሎጂስት ሁሴን ሳታር ያዘጋጀውን ፓቶማ ይመርጣሉ።

ደጋግሞ ማንበብ ብቻውን ግን አይበቃም። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ አጭር ጽሑፍ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 56 በመቶውን አስታወሱ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን። ስለዚህ ምዕራፉን የጨረሰ ተማሪ መጽሐፉን ከድኖ መንስኤውን፣ የሕዋሱን ለውጥና ምልክቱን በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ የማይክሮስኮፕ ሥዕሎችንም ስማቸውን ሸፍኖ ይለያቸው።