ከመዝገበ ቃላት ጓዳ፦ «ሚስ» የተባለው ግስ በኡርዱ

ጠጋ በሉማ፤ ይህን በአደባባይ አናወራውም። የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው የሚፈራው ረጅሙንና የሳይንሱን ቃል እንዳይመስላችሁ። «ፎቶሲንተሲስ» በአንድ መስመር ያልቃል። እንቅልፍ የሚነሳው አጭሩ ግስ ነው። የእንግሊዝኛውን «ሚስ» ውሰዱ።

ላሆር ወይም ካራቺ ያለ ተማሪ የእንግሊዝኛ–ኡርዱ መዝገበ ቃላቱን ገጽ ሲገልጥ አቻ ቃላት ተሰልፈው ይጠብቁታል። ዒላማ ለመሳት «ቹክና»፣ ከሥራ ወይም ከክፍል ለመቅረት «ናጋ ካርና»፣ ለናፍቆት «ያድ አና»። ሁሉም ትክክል ናቸው። ግን ማን ባለቤት፣ ማን ተሳቢ እንደሚሆን አንዳቸውም አይናገሩም። እንግሊዝኛው ናፋቂውን ባለቤት ያደርጋል። ኡርዱው «ሙጄ ቱምሃሪ ያድ አቲ ሄ» ሲል ግን የሚመጣው ትዝታው ነው፤ ናፋቂው ተቀባይ ብቻ። እኛም «ናፈቅኸኝ» ስንል ባለቤቱ «አንተ» ነህና ነገሩ አይጠፋንም። ተማሪው እንግሊዝኛውን ገልብጦ ቢጽፍ ታዲያ ይፈረድበታል?

የአውቶቡሱ ነገር ደግሞ ይብሳል። በነባሩ ኡርዱ «ሜሪ ባስ ቹት ጋኢ» ይባላል፤ የኛው «ባሱ አመለጠኝ» ማለት ነው። ያመለጠው ባሱ ነው፣ ሰውየው ምን ያድርግ! ከተሜው ግን «ሜ ኔ ባስ ሚስ ካር ዲ» ማለት ለምዷል። «ካርና» ማድረግ ነው፤ እኛ «ቼክ አደረግኩ»፣ «ዲሊት አደረግኩ» እንደምንለው የእንግሊዝኛውን ግስ አዝሎ ይሄዳል። እዚህ ላይ «ኔ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ልብ በሉ። ተሻጋሪ ግስ ያለቀ ድርጊት ሲናገር ከአድራጊው ኋላ ትገባለች። «ዲ» ደግሞ የተስማማችው ከተናጋሪው ጋር ሳይሆን ከባሱ ጋር ነው፤ ባስ በኡርዱ አንስታይ ናትና ወንድ ቢናገረውም ያው «ዲ» ነው። በመጀመሪያው አባባል «ኔ» የለችም፤ አድራጊም የለም። አርፍዶ አለቃው ፊት የቆመ ሠራተኛ የትኛውን እንደሚመርጥ እናንተው ገምቱ።

ይህን አዘጋጆቹ አያውቁም? አሳምረው ያውቃሉ። ገጹ ላይ የማይወጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የፍቺዎቹ ቅደም ተከተል የሚወረሰው ከእንግሊዝኛው እናት መዝገብ ነው። ሻኑል ሃቅ ሃቂ ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ–ኡርዱ መዝገበ ቃላት እንኳ መሠረቱ የኦክስፎርዱ «ኮንሳይስ» ነው። ያ መዝገብ ፍቺ የከፈለው እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው እንጂ በኡርዱ ለሚያስብ ሰው አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ቦታ ነው። ገጽ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቆረጠው የምሳሌው ዐረፍተ ነገር ነው። ኡርዱ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንግሊዝኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ ሁለቱ በአንድ መስመር ሲገናኙ ቅንፉና ቁጥሩ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አራሚውም ያንን ከማቃናት መሰረዝ ይቀለዋል። ምሳሌ ሲሰረዝ ደግሞ ማንም አያለቅስም፤ የአቻ ቃል ሰልፍ ግን ምሁር ያስመስላል።

ምሳሌ የሚለቅም ሰው ግን ድሮም ነበር፤ ኤስ. ደብሊው. ፋለን እ.ኤ.አ. በ1879 ባሳተመው የሂንዱስታኒ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱ ከሕዝቡ አፍ፣ ከሴቶች ጨዋታና ከተረትና ምሳሌ ሳይቀር ለቅሞ ነበር። የእሱን መንገድ የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ የሚከተለው ጥቂት።

«ሚስ ኮል»ን እንኳ ተዉት። ፓኪስታንም እኛም አገር ሆን ብሎ ደውሎ መዝጋት ነው፤ ያመለጠ ነገር የለም።

እንግዲህ እንግሊዝኛን በሌላ ቋንቋ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ልትገዙ ስትሄዱ ሽፋኑንና «ይህን ያህል ሺህ ቃላት» የሚለውን ተዉት። ቀጥታ «ሚስ»ን ግለጡ። ባለቤትና ተሳቢ ያለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ካላገኛችሁበት መደርደሪያው ላይ መልሱት።