ሁለት ጊዜ የተዘፈኑት የሮይ ኦርቢሰን ምርጥ ዘፈኖች

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የአንድ ድምፃዊ ዕድል የሚወሰነው በአልበም ሳይሆን በነጠላ ዜማ፣ ማለትም በየፊቷ አንዳንድ ዘፈን ይዛ በደቂቃ 45 ጊዜ በምትዞር ትንሽ ሸክላ ነበር። አሳታሚው ኩባንያ በሬዲዮ ተደምጠው የተወደዱትን ነጠላ ዜማዎች ለቅሞ በአንድ ትልቅ ሸክላ ሲያወጣቸው «ምርጥ ሥራዎች» የሚባለው ስብስብ ይገኛል። እንዲህ ያለው ስብስብ ብዙ ጊዜ ለገበያ ሲባል የሚዘጋጅ ቢሆንም፣ የሮይ ኦርቢሰን ግን ከየትኛውም አልበሙ በላይ ጥበቡን ያሳያል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ነጠላ ዜማው መነሻ፣ ጡዘትና ፍጻሜ ያለው፣ በራሱ የቆመ ድራማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1936 በቴክሳስ የተወለደው ኦርቢሰን መንገዱን ያገኘው በናሽቪል ከተማ ከሞኑመንት ኩባንያው ፕሮዲውሰር፣ ማለትም የቀረጻውን ሥራ ከሚመራው ከፍሬድ ፎስተር ጋር መሥራት ሲጀምር ነው። በዚያን ዘመን ድምፃዊውና ሙዚቀኞቹ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይቀረጹ ስለነበር የኦርቢሰን ለስላሳ ድምፅ በመሣሪያዎቹ ይዋጥ ነበር፤ ስለዚህም ዘፋኙን ወደ ክፍሉ ጥግ ወስደው ካፖርት የተሰቀለበት የልብስ መስቀያ ጋረዱበት። ዛሬ በየስቱዲዮው ለድምፃዊ ተለይቶ የሚሠራው ጠባብ ክፍል ያኔ በካፖርት ተተክቶ ነበር።

በ1961 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 1ኛ የወጣው «ራኒንግ ስኬርድ» የአሠራሩን ምስጢር ከሁሉ አጉልቶ ያሳያል። ዘፈኑ አዝማች፣ ማለትም በየመካከሉ የሚደጋገም ክፍል የለውም፤ ቦሌሮ በተባለው የስፔን ዳንስ ምት ላይ በጊታር ብቻ ዝግ ብሎ ይጀምርና፣ ከበሮው፣ ተቀባዮቹና ቫዮሊኖቹ በየተራ እየተደረቡ ሲሄዱ፣ የፍቅረኛው የቀድሞ ወዳጅ ይመለስ ይሆናል ብሎ የሚሠጋው ሰው ጭንቀት አብሮ ይከብዳል። የተፈራው ሰው በእርግጥ ይመጣል፤ ሴቲቱ ግን ፊቷን አዙራ ከተራኪው ጋር ትሄዳለች። በዚህች ቅጽበት ኦርቢሰን ወደ ላይኛው ድምፅ የሚወጣው በፋልሴቶ፣ ማለትም ወንዶች ከፍ ያለ ዜማ ለመያዝ በሚጠቀሙበት ቀጭን ድምፅ ሳይሆን በሙሉ ጉልበቱ ነው፤ ዘፈኑም እዚያው ይቆማል። ይህ ሁሉ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ያለ አንድ ትርፍ ቃል እንዲህ ያለ ታሪክ መንገር የቻለ የፖፕ ዘፋኝ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የመጀመሪያው ስብስብ በ1962 ሲወጣ ኦርቢሰን ገና 26 ዓመት ገደማው ስለነበር፣ በ1963 የተሠራው፣ አንዱም ክፍል የማይደገምበት «ኢን ድሪምስ» እና በ1964 ስሙን ከፍ ያደረገው «ኦ ፕሪቲ ውማን» አልደረሱበትም። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን የመከራ ነበር፤ በ1966 ባለቤቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተች፣ በ1968 ደግሞ ሁለት ልጆቹ ቤቱ ሲቃጠል አለቁ። ብዙ አድማጮች እነዚያን የልቅሶ ዜማዎች የዚህ ሐዘን ውጤት አድርገው ይሰሟቸዋል፤ ነገር ግን ታላላቆቹ ዘፈኖች በተቀረጹበት ጊዜ ሐዘኑ ገና አልደረሰበትም ነበር።

ሐዘኑን ያየው ሰው የዘፈነበት ስብስብ ሌላ ነው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች በ1986 በወጣው «ብሉ ቬልቬት» ፊልሙ ውስጥ «ኢን ድሪምስ»ን ከተጠቀመበት በኋላ የኦርቢሰን ስም እንደገና ተነሣ፤ በ1987 ደግሞ የጥንት ዘፈኖቹን በአዲስ ቅጂ የያዘው «ኢን ድሪምስ፦ ዘ ግሬተስት ሂትስ» ወጣ። ከዓመት በኋላም፣ በታኅሣሥ 1988፣ በ52 ዓመቱ አረፈ። በአዲሱ ቅጂ ድምፁ ከፍታውን አላጣም፤ የአወጣጡ እርጋታም ልብ ይነካል። ያም ሆኖ የቀድሞው ይበልጣል፤ የ1961ዱን «ራኒንግ ስኬርድ» የሚያደምጥ ሰው ዘፋኙ መጨረሻው ከፍታ ላይ ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ አብሮ ይጨነቃል፣ በኋለኛው ቅጂ ግን ድምፃዊው እንደሚደርስ አስቀድሞ ያውቃል። ሁለቱም ቅጂዎች በተመሳሳይ የዘፈን ርዕስ ስለሚሸጡ፣ ስብስብ የሚገዛ ሰው በሽፋኑ ጀርባ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የቀረጻ ዓመት ማየት ይኖርበታል።