ቆንስላውና የባህል ተቋሙ ለምን ጎረቤት ሆኑ?

ሆንግ ኮንግ ወደ ቻይና የተመለሰችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1997 ነው። እስከዚያች እኩለ ሌሊት ድረስ በከተማዋ የብሪታንያ ቆንስላ አልነበረም፤ አገረ ገዥውን የሚሾመው ለንደን እያለ ቆንስላ ምን ይሠራል? ግዛቱ ሲያበቃ ግን ትናንት ባለቤት የነበረው መንግሥት በማግስቱ እንግዳ ነው፤ የሚያርፍበት ቤት ያስፈልገዋል።

የርክክቡ ቀን በ1984 ከተፈረመው የጋራ መግለጫ ጀምሮ ስለታወቀ ቤቱ ቀድሞ ተሠራ። አድሚራልቲ ሰፈር፣ ሱፕሪም ኮርት ሮድ ላይ፣ አርክቴክቱ ቴሪ ፋረል የነደፋቸው ሕንፃዎች በ1996 ተጠናቀቁ። ቁጥር 1 ለቆንስላ ጄኔራሉ፣ ቁጥር 3 ለብሪቲሽ ካውንስል ሆነ። የፒያሳውን ቤተ መጻሕፍት የተጠቀሙ አዲስ አበቤዎች የሚያስታውሱት ይህ ተቋም ሆንግ ኮንግ የገባው በ1948 ነው። እንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ፈተና ይፈትናል፣ ኪነ ጥበብ ያስተዋውቃል። ባንዲራ ቢወርድም ይህ ሥራ አይቋረጥም።

ጉርብትናው በሕግ ፊት ምን ማለት ነው? መልሱ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት ውስጥ ይገኛል። በአንቀጽ 31 መሠረት የአገሩ ፖሊስ ለቆንስላ ሥራ ብቻ ወደተመደበው ክፍል ያለ ፈቃድ አይገባም፤ እሳት ቢነሳ ግን ፈቃድ እንደተሰጠ ይቆጠራል። አንቀጽ 55 ሌላ ተቋም በዚያው ሕንፃ ቢሮ እንዲከፍት ይፈቅዳል፤ ክፍሎቹ ግን የተለዩ መሆን አለባቸው። የተቋሙ ክፍሎችም እንደ ቆንስላ አይቆጠሩም፤ ጥበቃው አይደርሳቸውም። በአንድ ግድግዳ ቢዋሰኑ እንኳ የቪዛው ፋይልና የተማሪው ደብተር በአንድ ሕግ አይጠበቁም ማለት ነው።

እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለበሩ ነው። ማታ ቋንቋ ሊማር የመጣ ወጣት በቆንስላ ጥበቃ ሥር ማለፍ የለበትም፤ መምህሩም የመንግሥት ሰው ተደርጎ መታየት የለበትም። ጉርብትናው ዋጋ አለው፤ በ2019 ተቃዋሚዎች የብሪታንያን ባንዲራ ይዘው ቆንስላው ደጅ ሲሰበሰቡ ቁጥር 3 እዚያው መንገድ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ልዩነቱን ለአላፊ አግዳሚ ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ ሥልጣን የሚያስረክብ መንግሥት ለባህል ተቋሙ የራሱን ቁጥርና የራሱን በር ይስጠው፤ ይህንንም ከርክክቡ በፊት ይጨርስ።