«ዶክተር፣ ኮንፈርም ነው?» ይህች ቃል ምን ማለት ናት?



«ብር ልኬልሃለሁ፣ መግባቱን ኮንፈርም አርግልኝ።» እንዲህ ያላለ ማን አለ? ኮንፈርም የእንግሊዝኛ ቃል ቢሆንም አፋችን ከለመደው ቆይቷል። ትርጉሙ ማረጋገጥ ነው፤ የተባለው ወይም የተጠረጠረው ነገር እውነት መሆኑን በማስረጃ ማጽናት ማለት ነው።

ከ«ቼክ ማድረግ» ጋር ግን አንድ አይደለም። ስልካችሁን ከፍታችሁ ሂሳቡን ስታዩ ቼክ አደረጋችሁ። ብሩ መግባቱን ስታዩ ነው ኮንፈርም የሆነው።

ሕክምና ላይም እንዲሁ ነው። ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ በኋላ «ተጠርጣሪ» እና «የተረጋገጠ» የሚሉትን ቃላት ስንሰማ ከርመናል። ትኩሳትና ሳል ያለበት ሁሉ ይጠረጠራል፤ ኮንፈርም የሚያደርገው ግን ላብራቶሪው ነው።

አሁን ወደ እኛው ወረታ እንምጣ። ርብና ጉማራ የሚተኙበት የፎገራ ሜዳ ለሩዝ የተመቸ ነው፤ ለወባ ትንኝም ጭምር። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ወባ ይበረታል። ታዲያ ብርድ ብርድ ያለው ሰው «ያው ወባዬ ተነስታብኝ ነው» ብሎ ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ይውጣል። ይሄ ጥርጣሬ እንጂ ኮንፈርም አይደለም!

ለምን ይጎዳል?

1. የወባው ዓይነት ይለያያል። ለፋልሲፓረም ኮአርተም፣ ለቫይቫክስ ክሎሮኪን ይሰጣል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። ዓይነቱ የሚታወቀው ከጣት በሚወሰድ ደም ነው።

2. ወባ ላይሆን ይችላል። ወባ ነው ብለን ቤት ያቆየነው ልጅ የሳንባ ምች ወይም ማጅራት ገትር ቢሆንስ? የምናባክነው ሰዓት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

3. «ታይፎይድም አለብህ» ተብሎ መድኃኒት የሚወስደው ብዙ ነው። የተለመደው የዊዳል ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን ኮንፈርም አያደርግም፤ በድሮ ሕመምም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር ነው።

ስለዚህ ትኩሳት ሲጀምራችሁ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ። «ውጤቱ ምን አለ? የትኛው ወባ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው፣ እኛም አንቆጣም። ነጌቲቭ ተብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሳችሁ ኑ፤ አንድ ምርመራ ሁሌም የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት እምቢ ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል! እንዲህ ያለ ጊዜ ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅም ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ያ ውሳኔ የሐኪሙ ነው፣ የጎረቤት ኪኒን አይደለም።

ለብራችን ኮንፈርም የምንል ሰዎች ለልጃችንም እንበል። ገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው።