«አንድ ሰው ብቻ!»፦ የመቱና የኢሉባቦር ከተሞች የሕዝብ ትራንስፖርት ዳሰሳ

ማለዳ 1 ሰዓት ላይ የመቱ መነሃሪያ የደረሰ መንገደኛን መጀመሪያ የሚቀበለው የረዳቱ ጥሪ ነው። «ጎሬ፣ ጎሬ፣ ጎሬ! አንድ ሰው ብቻ!» መንገደኛው አምኖ ይገባል። ውስጥ የተቀመጡት አራት ናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስድስት ይሆናሉ፤ የጎደለው ግን አሁንም «አንድ ሰው» ነው። መቱና ጎሬ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአስፋልቱ ላይ ከሚጠፋው ጊዜ ይልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመጠበቅ የሚጠፋው የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነው።

ስለ ትራንስፖርት ችግር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ መኪና እጥረት ይሄዳል። እጥረቱ እውነት ነው። ነገር ግን በኢሉባቦር ከተሞች ተሳፋሪን የሚያማርረው መኪና መኖር አለመኖሩ ብቻ ሳይሆን ያለው መኪና መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው።

ከበቅሎ እስከ ሚኒባስ

ኢሉባቦር ከጥንትም ጉዞውን በወቅት የሚለካ አገር ነው። በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። የጎሬ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ቁልቁል ወርዶ ባሮ ወንዝ ዳር ይከማች ነበር። ከሱዳን የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ስለነበር ነጋዴው ዝናቡን በጉጉት ይጠብቅ ነበር።

ዛሬ ዝናብ የሚፈራ እንጂ የሚናፈቅ አይደለም። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ በአገሪቱ እጅግ እርጥብ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዷ ናት። ከበደሌ በያዮና በሁሩሙ አድርጎ መቱ፣ ከዚያም በጎሬ ወደ ጋምቤላ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ክረምትን ይችላል። ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚገነጠሉት የጠጠርና የአፈር መንገዶች ግን ሐምሌና ነሐሴን የሚያሳልፉት በጭንቅ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ አገናኝቷል። መንገድ መድረሱና መኪና መመላለሱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቦዩ ያልተጠረገ መንገድ ለመበላሸት አንድ ክረምት ይበቃዋል።

ማን በምን ይሄዳል

መቱ በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 29 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቷል፤ መቱ ካርል ሆስፒታልም ከዞኑ ወረዳዎች አልፎ ከአጎራባች አካባቢዎች ታካሚ ይቀበላል። በከተማው ውስጥ ይህን ሁሉ ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። ዳገቱን ይወጣል፤ ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ለሦስት ሰው የተሠራው መኪና በሾፌሩ ግራና ቀኝ አንዳንድ ሰው ሲጨምር ግን አገልግሎቱ ወደ አደጋ ይጠጋል።

ከከተማ ከተማ ሚኒባሱና አባዱላው ይሠራሉ። ራቅ ወዳለው ቅጥቅጡ፣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው አዲስ አበባ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው ትልቁ አውቶቡስ አለ። መኪና የማይደፍረውን መንገድ ሞተር ሳይክልና የጭነት አይሱዙ ይሸፍኑታል።

ፍላጎቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በገበያ ቀን ጠዋት መኪናው ወደ ከተማ ሞልቶ ይገባል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም ገንዘብም መንገደኛም ይበዛል። ተማሪ ሲገባና ሲወጣ መነሃሪያው ይጨናነቃል። እንዲህ ለሚዋዥቅ ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ስምሪት አይበቃውም።

የመጠበቅ ሒሳብ

12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ እንውሰድ። ተሳፋሪ በየ5 ደቂቃው አንድ አንድ እያለ ይመጣል እንበል። መጀመሪያ የገባው 55 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ምንም አይጠብቅም። በአማካይ ለእያንዳንዱ 27 ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ለሾፌሩ ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ነዳጅ አይቃጠልም፣ 12ቱም ወንበር ይከፈልበታል። የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ተሳፋሪው ነው፤ ያውም ማልዶ የመጣው አብልጦ ይከፍላል። ስለዚህም ሰው «ሲሞላ እገባለሁ» እያለ ዳር ቆሞ ያያል፤ ሁሉም ዳር ሲቆም መኪናው ይብሱን አይሞላም።

አሁን ደንቡን «ወይ ሲሞላ፣ ወይ 30 ደቂቃ ሲደርስ» እናድርገው። መኪናው በ30ኛው ደቂቃ 7 ሰው ይዞ ይነሳል፤ አማካዩ መጠበቅ ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል። ሾፌሩ «አምስቱን ባዶ ወንበር ማን ይከፍለኛል?» ቢል እውነት አለው። መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ከመቱ ወደ በደሌ የሚሄድ ሙሉ መኪና ሁሩሙ ዳር የቆመችውን እናት አቧራ አልብሷት ያልፋል፤ ወይም በትርፍ ይጭናትና ትራፊክ ሲያይ ጎንበስ እንድትል ያደርጋል። በሰዓቱ የሚነሳ መኪና ለእሷ ወንበር ይኖረዋል። ከአምስቱ የሚበዙት እንዲህ ቢሞሉ የሾፌሩ ገቢ ብዙም አይጎዳም፤ የማይሞሉበት መስመር ላይ ግን አንድ አካል ልዩነቱን መሸፈን አለበት።

ከሾፌሩ አቅም በላይ የሆነው

ሰዓት ማክበር የሾፌር ጠባይ ብቻ አይደለም። ነዳጅ ሲጠፋ መኪናው መስመሩን ትቶ ማደያ ሰልፍ ላይ ይውላል፤ ማታም አድሮ ይጠብቃል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ለሕዝብ ማመላለሻዎች የታለመ ድጎማ ተዘርግቶ ነበር። ያም ሆኖ ዋጋ በጨመረ ቁጥር በታሪፉና በሚጠየቀው ሒሳብ መካከል ክርክር ይነሳል። ጎማና መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። በምዕራብ ኦሮሚያ ባለፉት ዓመታት የነበረው የጸጥታ ችግርም ጉዞን እያቋረጠ፣ አንዳንዴ መንገደኛን ዙሪያ ጥምጥም እየወሰደ ቆይቷል።

ሌሎች የሞከሩት

አንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አዲስ አበባ ብዙ ሞክራለች። ሚኒባሶች በቀጠና ተመድበው የመስመር ታፔላ እንዲለጥፉ ተደረገ። ተሳፋሪው መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ቻለ፤ መስመር አቆራርጦ መጫኑ ግን አልጠፋም፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት ሰዓት ታፔላ ብረት ብቻ ነውና። መስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆመው የሚንቀሳቀሱት ጥቂት ሆኑ። ሐዲዱ ቢኖርም ተሳፋሪው ሰልፍ ላይ ቀረ።

ኪጋሊ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተማዋን በአራት ቀጠና ከፍላ ለሦስት አንቀሳቃሾች በውል ሰጠች። ተጠያቂው ማን እንደሆነ ታወቀ። ሆኖም በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሰልፉ ለዓመታት ቀጠለ፤ ገቢው በተሳፋሪ ቁጥር ላይ እስከቆመ ድረስ ሞልቶ መነሳት ይፈትናልና።

ለመቱ የሚቀርበው

ከእነዚህ ልምዶች መቱ ትልልቁን ወጪ ሳይሆን ትንንሹን ልትወስድ ትችላለች። ስምሪት የሚሰጡት ማህበራት አሉ፤ ተራ አስከባሪው አለ፤ መነሃሪያው አለ። መኪናው ያለ መውጫ ወረቀት ከበሩ አይወጣም፤ በወረቀቱ ላይ የመነሻ ሰዓት መጻፍና ወሩ ሲያልቅ የዘገየውን መቁጠር አዲስ መሥሪያ ቤት አይፈልግም። የ30 ደቂቃው የመጠበቂያ ገደብ በሁለት መስመር ላይ፣ ለምሳሌ በጎሬና በሁሩሙ፣ ቢሞከር በአንድ የቡና ወቅት ውጤቱ ይታያል። ለተበላሸ መኪና የሚተካ አንድ ተጠባባቂ መመደብ፣ በገበያ ቀን ስምሪቱን ወደሚበዛበት አቅጣጫ ማዞር፣ ከክረምት በፊት ቦይ ማስጠረግ፣ ሁሉም በአገር አቅም የሚሠሩ ናቸው።

ቅድሚያ የሚገባው ግን የመጨረሻው መኪና ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት የዘገየ ሰው ይበሳጫል እንጂ ይደርሳል። ከሆስፒታል ተመርምራ ከቀኑ 11 ሰዓት መነሃሪያ የደረሰች የጎሬ ሴት መኪና ካጣች ወይ የማታውቀው ደጅ ታድራለች፣ ወይ ኮንትራት ትጠየቃለች፤ ኪሷ ውስጥ ያለው ደግሞ የመድኃኒቱ ገንዘብ ነው። ማህበራቱ በተራ የሚይዙት፣ ሞላም አልሞላም 12 ሰዓት ላይ የሚነሳ አንድ መኪና ቢኖር፣ የባዶ ወንበሩን ሒሳብ ለቀኑ ሙሉ መኪኖች ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ያን ጊዜ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» ብሎ ቢጣራ፣ አራት ሰው ብቻ ተቀምጦ ያየች መንገደኛም ሰዓቷን አይታ ትገባለች።